«እኔ ጋ ይሠራል!»

የእኛ ሙያ ሰዎች አንዲት የተወደደች መልስ አለችን፤ «እኔ ጋ ይሠራል!» ደንበኛው ገጹ ተበላሸ ብሎ ሲደውል ገና ነገሩን ሳይጨርስ አፋችን ላይ ትመጣለች። እኛም ብለናታል፣ ያውም ደጋግመን። ዛሬ ግን ልንከሳት ነው የተነሳነው።

ለአንድ ማኅበር (ስሙ ይቆየን) ድረ ገጽ ሠራን። ኮምፒውተራችን ላይ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ሰርቨር ላይ በጫንነው ዕለት ሊቀመንበሩ በስልካቸው ከፈቱትና «ልጆች፣ ይሄ የምን አገር ቋንቋ ነው?» አሉን። ለካ ገጹ በዩቲኤፍ-8 መጻፉን የምትናገረውን አንዲት መስመር ረስተናታል! ፋይሉ ከራሳችን ኮምፒውተር ሲከፈት ብሮውዘሩ ገምቶ አስተካክሎልን ነበር፤ ከሰርቨር ሲመጣለት ግን አልገመተም። በዩቲኤፍ-8 አንዷ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለምትይዝ፣ እንደ ላቲን ስትነበብ ሦስት ባዕድ ምልክት ሆና ቁጭ ትላለች። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ በስንፍናችን መልሰን አስወጣነው።

የሚያበሳጨው፣ የደብልዩ ስሪ ሲ ቫሊዴተር በነፃ ነው። ፋይሉን ስትሰጡት ስህተቱን ከነመስመር ቁጥሩ ይዘረግፍላችኋል። ያቺን የረሳናትንም በነገረን ነበር፣ ብንጠይቀው።

«ብሮውዘር እኮ ስህተት ይታገሳል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ያልተዘጋ ታግ ቢያገኝ እንደምንም ጠጋግኖ ያልፋል። ጣጣውም ይኸው ነው፤ የምንሠራው ሰዎች ስህተታችንን ሳናየው እንቀራለን። ቅጽ ላይ ሁለት ሳጥኖች አንድ አይዲ ቢጋሩ ለዓይን ምንም አይታይም። ማየት የተሳነው ሰው በስክሪን ሪደር ሲሞላው ግን ሁለተኛው ሳጥን ስም አልባ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስልኩን ይጻፍ ወይስ አድራሻውን? «እኔ ጋ ይሠራል» እንበለው?

ቫሊዴተሩ ሁሉን ያውቃል አንልም። ሰዋስው እንጂ ትርጉም አያይም፤ ለፎቶ መግለጫ «ፎቶ» ብላችሁ ብትጽፉ ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል።

«ሲያልቅ እናየዋለን» ባዮችስ? የመጀመሪያው ገጽ ለሌሎቹ ሁሉ መነሻ ነው፤ ያኔ ያልታረመ ስህተት ከገጹ ጋር አብሮ ይባዛል። እኛ ያቺን አንዲት መስመር ስናስገባ ያደርነው እያንዳንዱን ገጽ እየከፈትን ነው። ሊቀመንበሩ ዛሬም ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት «ዛሬስ በአማርኛ ነው?» ይሉናል።