የብረት አየር ማስተላለፊያ ቱቦዎችና የመሬት መስመር

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሆቴሎች፣ የገበያ ማዕከላትና የቢሮ ሕንፃዎች እየተስፋፉ በመጡ ቁጥር፣ በኮርኒስ ውስጥ የሚዘረጉ የብረት አየር ማስተላለፊያ ቱቦዎችም ይበረክታሉ። በተለምዶ ዳክት የሚባሉት እነዚህ ቱቦዎች የሚያስተላልፉት አየር እንጂ ኤሌክትሪክ ባለመሆኑ፣ በኤሌክትሪክ ደኅንነት ፍተሻ ወቅት ሊዘነጉ ይችላሉ።

የማራገቢያው ሞተር ሽቦ ሽፋኑ ሲበላሽ ወይም በኮርኒስ ውስጥ ያለፈ ገመድ በቱቦው ስለታም ጠርዝ ሲላጥ፣ ብረቱ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። ቱቦው ከመሬት መስመር ጋር በአግባቡ የተያያዘ እንደሆነ መከላከያው ወዲያውኑ ኃይሉን ያቋርጣል። ካልተያያዘ ግን አደጋው ተደብቆ ይቆያል፤ የሚታወቀውም የጽዳት ወይም የጥገና ሠራተኛ ብረቱን ሲነካ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች ሊታረሙ ይገባል። አንደኛው፣ ቱቦው ብረት እስከሆነ ድረስ ከማራገቢያው ጋር በኤሌክትሪክ የተገናኘ ነው የሚለው ነው። ንዝረትን ለመቀነስ በመካከላቸው የሚገባው የሸራ ወይም የጎማ ማገናኛ ይህን ግንኙነት ይቆርጠዋል፤ ስለሆነም ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው የሚያሻግር የመዳብ ሽቦ መታሰር አለበት። ሁለተኛው፣ ቱቦውን መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ብቻ ማሰር ይበቃል የሚለው ነው። የዘንጉ ተቃውሞ 25 ኦም ቢሆን፣ በ220 ቮልት የሚያልፈው 9 አምፔር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ባለ 16 አምፔር ብሬከርን አያቋርጥም። በመሆኑም ቱቦው ከሕንፃው ዋና የመሬት መስመር ጋር ሊያያዝ ይገባል። የሕንፃው መስመር ራሱ በዘንግ ላይ ብቻ የሚመካ ከሆነ ደግሞ፣ በአነስተኛ የኃይል ልቀት የሚያቋርጥ መከላከያ ያስፈልጋል።

የችግሩ አንዱ መንስኤ የሥራ ክፍፍል ነው። ቱቦውን የሚገጥመው አንድ ተቋራጭ፣ ኤሌክትሪኩን የሚዘረጋው ሌላ ሲሆን፣ ማያያዣው ሽቦ የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10 የሕንፃዎችን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚመለከት ቢሆንም፣ አሠሪው ሥራውን በውል ለይቶ ካልሰጠ ክፍተቱ አይዘጋም።

ስለዚህ የሕንፃ ባለቤቶች ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ማያያዣዎቹ ተለክተው ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ሊጠይቁ ይገባል። ከተዘጋ በኋላ ማስተካከል ብዙ ወጪ ያስከትላል። ተከራዮችና ሠራተኞች ቱቦ ሲነኩ ንዝረት ከተሰማቸው፣ ደግመው ሳይነኩ ኃይሉን ከማከፋፈያው ሳጥን አቋርጠው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ሊጠሩ ይገባል።