ደንበኛ ማነው?

መርካቶ ላይ አንድ ሰው ከታክሲ ወርዶ ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመድ «ደንበኛ! ና ጫማ እንይ» ይባላል። ጠሪው ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ማታ ቤቱ ሲገባ ስልኩ ላይ «ውድ ደንበኛችን» የሚል መልዕክት ይጠብቀዋል። በማግስቱ ለጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዶ ወረፋ ሲይዝ ደግሞ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ያገኛል። ንጉሡ ጽሑፉን የሚያነበው ቆሞ ነው፤ ወንበር የለም።

ለመሆኑ ደንበኛ ማነው?

ቃሉ የወጣው «ደንብ» ከሚለው ነው። «ደንበኛ ሌባ» ሲባል እውነተኛው፣ የሌብነትን ወግ የጠበቀው ማለት ነው። የገበያው ደንበኛም ወግ ያለው፣ መምጣት የለመደ ሰው ነው። እንግሊዝኛውም በአጋጣሚ ያው ነው፤ «ከስተመር» የመጣው ልማድ ማለት ከሆነው «ከስተም» ነው።

አማርኛው ግን አንድ የሚበልጥበት ነገር አለ። የቤት እመቤቷ «የቅቤ ደንበኛዬ መጣች» ስትል ሻጯን ማለቷ ነው። ቅቤ ሻጯም ስለዚችው እመቤት ስታወራ «ደንበኛዬ» ትላለች። በእንግሊዝኛ ሻጭ ከስተመር አይባልም። በአማርኛ ደንበኛ የአንድ ወገን ስም ሳይሆን የሁለቱ ውል ስም ነው። ውሉ ደግሞ ዕዳ አለው። ሻጯ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ቅቤ ታመጣለች፣ ምራቂ ታክላለች፣ ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ ትሰጣለች። ገዢዋም ለአምስት ብር ልዩነት ብላ ወደ ሌላ አትዞርም፤ ዱቤዋን በቀኑ ትከፍላለች። አንዷ ካፈረሰች ደንበኝነቱ ይቀራል፤ ማመልከቻ መጻፍ አያስፈልግም።

«ገዢ» የሚለው ቃል ሌላ ጉድ አለው። ሥሩ የግእዙ «ገዝአ» ነው፤ «እግዚእ»፣ ጌታ የሚለውም ከዚያው ይወጣል። ግእዝ ዕቃ ለመግዛት «ተሣየጠ» የሚል ሌላ ቃል ነበረው። አማርኛ ግን አገር መግዛትንና ሽንኩርት መግዛትን በአንድ ቃል አሰረ። የኪሎውን ዋጋ ሰምቶ፣ ደንግጦ፣ ሩብ ኪሎ አስመዝኖ የሚመለስ ሰው በምን ሒሳብ ገዢ እንደሚባል ቋንቋው ይወቀው።

«ሸማች» ትሑት ቃል ነው። መሸመት እህል መግዛት ነበር። ገበሬው ከጎተራው ሲበላ ከተሜው ሸምቶ አዳሪ ተባለ። ሕጉ የመረጠው ይህንን ቃል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን እንጂ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይደለም። ሸማች ዕቃውን ስላየና በዋጋው ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም፤ ከስድብና ከዛቻም ይጠበቃል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከደረሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህንን መብቱን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ቆሞ የሚያስታውሰው ስንቱ ነው? በአዲስ አበባ «ሸማቾች» ማለት ራሱ ሱቅ ሆኗል። «ሸማቾች ዘይት ገብቷል» ሲባል ማንም ግር አይለውም፤ የገዢው ስም የሻጩ ስም ሆኖ አርፏል።

ሕጉ ደንበኛን ትቶ ሸማችን መያዙ ግን ትክክል ነው። ደንበኝነት ጨለማ ጎን አለውና። ስኳር ሲጠፋ ለማይታወቀው ሰው «የለም» ይባላል፤ ለደንበኛ ከባንኮኒው ሥር ይወጣል። ሕግ የሚያስፈልገው በሩ ላይ ለቀረው ነው።

ስህተቱ ያለው ይህንን የገበያ ቃል ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ማስገባቱ ላይ ነው። ደንበኛ ደንቡ ሲፈርስ ጥሎ መሄድ የሚችል ሰው ነው። መታወቂያ ሊያሳድስ የሄደ ሰው ቅር ቢለው ወደየትኛው ቀበሌ ይሄዳል? ቆጣሪ ተመዝግቦ ተራ የሚጠብቅ አባወራስ ማንን ይመርጣል? መሄጃ የሌለውን ሰው ደንበኛ ብሎ መጥራት ከውሉ የእሱን ግማሽ ብቻ ማስከፈል ነው፤ ይመላለሳል፣ ይታገሣል፣ ይከፍላል፤ ምራቂ ግን የለም። «ተገልጋይ» የሚለውም ብዙ አይሻልም፤ ሌላው እስኪሠራለት እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው ስም ነው።

ድሮ የተሻለ ቃል ነበር፤ ባለጉዳይ። «ባለቤት» እና «ባለርስት» ላይ ያለው «ባለ» ነው። ጉዳዩ የሰውየው ነው፤ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ የያዘው የሰው ንብረት ነው፤ ሲዘገይም ያዘገየው የሌላውን ሰው ንብረት ነው። ቃሉ ከጊዜ ብዛት የደጅ ጠኚ ስም መምሰሉ እውነት ነው። ያንን ያደረገው ግን ደጁ እንጂ ቃሉ አይደለም። የንጉሡ ጽሑፍ ከግድግዳው ይውረድና በቦታው «ባለጉዳይ ሆይ፣ ጉዳይህ በዚህን ያህል ቀን ያልቃል፤ ካላለቀ የሚጠየቀው እገሌ ነው» ተብሎ ይለጠፍ። ወንበርም ቢጨመር አይከፋም።