የጀመዓው ብር በአንድ ሰው ስልክ ላይ



በየሰፈሩ የወጣት ጀመዓ አለ። በየወሩ 100 ወይም 200 ብር ይዋጣል፤ ታማሚ ይጠየቅበታል፣ ለየቲም ደብተር ይገዛበታል፣ ረመዷን ሲመጣ ኢፍጣር ይሰናዳበታል። ድሮ ዐስርን ሰግደን በእጅ የምንቀባበለው ብር፣ ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ በስልክ ሆኗል። ቀሎልናል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ብሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው በገንዘብ ያዡ የግል ቁጥር ነው። አጭበርባሪውም ይህን ያውቃል።

ገንዘብ ያዡ ስልክ ላይ «3,000 ብር ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ይገባል። ወዲያው ስልኩ ይጮሃል። «ወንድሜ፣ በስህተት ላንተ ገብቶብኝ ነው፤ የእናቴ መድኃኒት መግዣ ነበር፣ ለአላህ ብለህ መልስልኝ» ይላል ደዋዩ። ልጁ ያዝናል፣ ይመልሳል። የመለሰው ግን የጀመዓውን ብር ነው፤ ከሰውየው አንድም ሳንቲም አልገባም። መልእክቱ ከተራ ቁጥር ተጽፎ የተላከ ነበር፤ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ለማንኛውም መልእክት ከማመን በፊት ቀሪ ሂሳብን ከፍቶ ማየት ነው። እውነት ተሳስቶ የላከ ሰው ካለ ለድርጅቱ ያመልክት።

ሌላው ስክሪንሾት ነው። የከፈሉበትን ፎቶ ቁጥሩንና ቀኑን ቀይሮ ማቅረብ ዛሬ የልጅ ጨዋታ ሆኗል። ገንዘብ ያዡ ብሩ አለመግባቱን እያየ እንኳ ለመጠየቅ ያፍራል። «ወንድሜን እንዴት ልጠርጥር? ሱኡ ዘን ይሆንብኛል» ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ እፍረት ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራ 282) የሚናገረው ብድርን ስለመጻፍና ስለምስክር ነው። መጀመሪያ የሰሙት ሰሓቦች ናቸው፤ እኛ ከእነሱ በላይ እንተማመናለን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩትን ኢብኑል ሉትቢያን ሲመለስ ተሳስበውታል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ማጣራት ሱኡ ዘን ቢሆን ኖሮ እሳቸው ባላደረጉት ነበር።

ስለዚህ ከወለድ ነፃ በሆነ ባንክ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ስም የጋራ ሂሳብ ክፈቱ፤ ያለ ሁለት ፊርማ አይውጣ። የሂሳብ ቁጥሩ በአካል በተሰበሰባችሁበት ይነገር። «ቁጥሩ ተቀይሯል፣ በዚህ አስገቡ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ቢመጣ፣ ከአሚሩ ስም ቢመጣም እንኳ፣ ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አትላኩ፤ የሰው አካውንት እየተሰረቀ ነው። የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ ኮድ ደግሞ «ከቴሌ ነው፣ ከባንክ ነው» ላለ ሁሉ አይነገርም። ተጭበርብሮ ከሆነ በዚያው ቀን ለድርጅቱና ለፖሊስ ይነገር፤ አፍሮ ማደር ብሩን ያርቀዋል።

በየወሩ ገቢና ወጪው በአባላት ፊት ይነበብ። ይህን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘብ ያዡ ራሱ ነው፤ ብር የጎደለ ቀን ጣት የሚቀሰረው በእሱ ላይ ነውና።