ከጀዊ እስከ አውሮፓ የጎደለው መሃሉ ነው

ስለ ጋምቤላ አማካዮች ሲወራ ቁመትና ጉልበት ይቀድማሉ፤ ተሰጥኦ ካለ መንገዱን ራሱ ያገኛል የሚለው እምነትም ከዚያው ይመጣል። ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰው ጋቶች ፓኖም ነው። የጋምቤላው ልጅ በኢትዮጵያ ቡና ገንኖ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ሄደ፤ ቆይታው ግን አጭር ነበር። በዚያው ዓመት፣ እንደ እሱ በ1994 የተወለደው ፖርቱጋላዊ አማካይ ብሩኖ ፈርናንዴዝ ለስፖርቲንግ ፈረመ። ልዩነቱ ከዚያ በፊት ባለው ነው፦ ፈርናንዴዝ ገና በ17 ዓመቱ ወደ ጣሊያኑ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ኖቫራ ሄዶ፣ በኡዲኔዜና በሳምፕዶሪያ አልፎ ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2020 የገዛው በየደረጃው የተፈተነ ሰው ነው። የእኛው ልጅ ግን ከአገር ውስጥ ሊግ በአንድ ዝላይ አውሮፓ እንዲደርስ ተጠበቀ። የችሎታ ልዩነትም አለ፣ አልክድም፤ ግን ያልተፈተነ ችሎታ በምን ይለካል?

በ2015 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የጋምቤላ ጀዊ መጠለያ የሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ልጆች ከጋቶችም ያነሰ ዕድል አላቸው። ራሽን በሚቀነስበት ዘመን ስለ ኳስ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም እኔ የምለው አካዳሚ ይገንባ አይደለም። በኬንያው ካኩማ መጠለያ የተወለደው አወር ማቢል በ2022 እ.ኤ.አ. ፔሩ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ አውስትራሊያ ለዓለም ዋንጫ እንድታልፍ ረድቷል፤ ለዚያ የበቃው ግን አውስትራሊያ ገብቶ መደበኛ ውድድር ካገኘ በኋላ ነው። ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ለመንቀሳቀስ መብት እውቅና ይሰጣል። የከተማው የታዳጊዎች ውድድር ለጀዊ ቡድኖች ቢከፈት የሚጠይቀው ዳኛ፣ ኳስና የመኪና ነዳጅ ነው።