የቤተሰቡ አይሱዙ መሪ

ቁጠባቸውን አሰባስበው አይሱዙ የገዙና ለሹፌር ሰጥተው የሚተዳደሩ ቤተሰቦች በከተማችን ብዙ ናቸው። ስለ ሞተሩና ስለ ጎማው ይጨነቃሉ፤ መሪው ግን የሚታወሳቸው ሲበላሽ ነው።

እስኪ አንዋር መስጊድ ሰፈር ቆም ብለው ይመልከቱ። እስከ አፉ የተጫነ አይሱዙ በተሸካሚና በጋሪ መሃል ለመጠምዘዝ ሲታገል፣ ሹፌሩ መኪናው ቆሞ ሳለ መሪውን ጥግ ድረስ ያዞራል። የቆመ ጎማ አስፋልቱን እየፋቀ ስለሚዞር ጫናው በመሪው ዘንጎችና መገጣጠሚያዎች ላይ ያርፋል። ጥግ ላይ ይዞ መቆየት ደግሞ የመሪውን ዘይት ያግላል፤ ፓምፑንም ይጎዳል።

መላው ቀላል ነው። ጎማው መንከባለል ሲጀምር መሪውን ማዞር፣ ጥግ ሲደርስ ጥቂት መመለስ። ከልክ በላይ አለመጫን፣ የጎማ ነፋስ ማስለካት፣ ግራሶ በጊዜው ማስሞላት፤ በተለይ ከጭቃ መንገድ በኋላ። የመገጣጠሚያው መሸፈኛ ላስቲክ ከተቀደደ አቧራ ገብቶ ብረቱን ስለሚፈጨው ቶሎ ማስቀየር።

ጎማው ሳይታዘዝ መሪው ባዶውን ከዞረ፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ወይም የፊት ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ግን በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነው።

ስለዚህ ባለንብረቶች፣ ሹፌሩ «ዛሬ ጋራዥ ልግባ» ሲል የቀኑ ገቢ ቀረ ብላችሁ አትቆጡት። የዛሬው ገቢ ነገ ይተካል። ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ መሪ ቢከዳ ግን ሹፌሩንና ረዳቱን የሚተካ የለም።