ሕይወት ያለው ሸቀጥና የነጋዴ ቃል

ፕሮባዮቲክ እየተባለ በእንክብልና በዱቄት የሚሸጠው ሸቀጥ ከሌላው ዕቃ ይለያል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንደ ተረጐሙት፣ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ ሕያዋን ተሕዋስያን ናቸው። እንግዲህ በሞቀ መጋዘን የከረመ ሣጥን ስሙን እንጂ ጥቅሙን ይዞ ላይቆይ ይችላል።

የሚነገርለት ፈውስም ከማስረጃው ማለፍ አይገባውም። የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አንዳንዶቹ ዓይነቶች አንቲባዮቲክ በሚወሰድበት ጊዜ የሚነሣውን አንድ ብርቱ የአንጀት ሕመም ለመከላከል ሊረዱ እንደሚችሉ ገልጿል፤ ክሮንስ ለተባለው ሥር የሰደደ የአንጀት በሽታ ግን ከምርምር ውጭ እንዲሰጡ አልመከረም።

ስለዚህ «የስኳር በሽታን ያድናል» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የሌለውን ሸቀጥ ይሸጣል። ይህን አምኖ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ በሽተኛ የሚደርስበት ጉዳት በገንዘብ አይካስም።

አስመጪው የተሕዋስያኑን ዝርያ፣ እስከ መጨረሻው የአገልግሎት ቀን በሕይወት የሚቆየውን ቁጥርና የማስቀመጫውን የሙቀት ልክ ከአምራቹ በጽሑፍ ሊቀበል ይገባዋል። ባለሱቁም በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቢመራ ደንበኛውን አያጣም፤ የንግድ መሠረቱ መታመን ነውና።