ገንዘቡ የሕዝብ፥ ቃሉም የሕዝብ

የስፖርት ሜዳ ለወጣቶች ጤና፥ ለከተማም ክብር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በሕዝብ ግብር የሚሠራ ሲሆን፥ ከፋዩ ሕዝብ ፈቃዱን ሊጠየቅ፥ የሰጠውም ቃል ሊከበርለት ይገባል።

በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በመስከረም ወር የኪንግ አውራጃ ሕዝብ፥ አዲስ የቤዝቦል ሜዳ በሽያጭ ቀረጥ ይሠራ እንደ ሆነ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠይቆ፥ በጥቂት ብልጫ «አይሆንም» አለ። በጥቅምት ወር ግን የዋሽንግተን ግዛት ሕግ አውጪዎች ቡድኑ ከከተማው እንዳይሄድ ሰግተው፥ ሕዝቡን ዳግመኛ ሳይጠይቁ፥ በምግብ ቤትና በኪራይ መኪና ላይ ቀረጥ እንዲጣል ደነገጉ። ሜዳውም በ1999 ዓ.ም. ተከፈተ። ቡድኑ የተወው ኪንግዶም የተባለው አሮጌ ሕንፃ በ2000 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ዕዳው ግን ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ዓ.ም. ነው።

ሕግ አውጪዎቹም የሕዝብ ምርጦች ናቸው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወኪል የላኪውን ቃል ሊፈጽም እንጂ ሊሽር አልተሾመም። ሕንፃ ይፈርሳል፥ ዕዳ ግን ለልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ሕዝብን አለመጠየቅ ጥፋት ሲሆን፥ ጠይቆ መልሱን መናቅ የባሰ ጥፋት ነው፤ ቃሉ የተናቀበት ሕዝብ ዳግመኛ ሲጠሩት አይመጣምና።